የእትዬ ደስታ የዳቦ ሣጥን

ባለፈው ጥቅምት የእህቴ ልጅ አዲስ የተከፈተ ኬክ ቤት ካልጋበዝኩህ ብሎ ይዞኝ ሄደ። እዚሁ አዳማ ነው፣ ከአሰላ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ኬኩ የተደረደረበት የመስታወት ሣጥን ከአሮጌ እንጨት የተሠራ ነው። የሚስማሩ ቀዳዳ፣ የድሮው ቀለም ርዝራዥ፣ ሁሉም ሆን ተብሎ እንዳለ ተትቷል። «አሮጌ መሆኑ ነው እኮ ውድ ያደረገው» አለኝ ልጁ። እኔ ግማሽ ዕድሜዬን የሚስማር ቀዳዳ በሰጋቱራና በኮላ ስደፍን የኖርኩ አናጢ ነኝ። ማኪያቶዬን ጠጣሁ። ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላም እትዬ ደስታ ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከተማውም ያኔ ናዝሬት ነበር የሚባለው። ከአርሲና ከሻሸመኔ በኩል የሚወርደው ጣውላ ለመንግሥት ድርጅትና ለማኅበር ነበር የሚሄደው። እንደኔ ለብቻው የሚሠራ አናጢ ጣውላ ልግዛ ሲል «ማኅበር ግባ» ይሉታል። ማኅበር ልግባ ሲል «ፎርም ሙላ» ይሉታል። እኔ ደግሞ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ጢሜ ከበቀለ ብዙ ቆይቶ። ሜትር ማንበብ ስለማልችል የምለካው በሲባጎ ነበር፤ ለቁመት አንድ ቋጠሮ፣ ለወርድ ሌላ ቋጠሮ። የምሠራበት እንጨት ፍራሽ በር፣ የተሰበረ አልጋ፣ የሳሙና ሣጥን ነው። ሚስማሩን እነቅላለሁ፣ ድንጋይ ላይ አቃናዋለሁ፣ መልሼ እመታዋለሁ። ጥሩ ሥራ ነው አልልም። ሆድ ግን ይሸፍናል።

እትዬ ደስታ የሚንጃር ሰው ነበረች። ባሏ ሞቶባት፣ በሰፈራችን ዳቦና ቦምቦሊኖ እየሸጠች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ዳቦዋ የታወቀ ነው፤ በጥቁር አዝሙድ ጠዋት ሲወጣ ሽታው እኔ የምሠራበት ወፍጮ ቤት ጓሮ ድረስ ይመጣል። ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጋበት ነው የምትሸጠው። በነሐሴ፣ ዝናቡ ጭቃውን ባቦካበት ሰሞን፣ የቀበሌው የጽዳት ኮሚቴ መጣ። ከአብዮት በዓል በፊት ምግብ የሚሸጥ ሁሉ በመስታወት ይሸፍን፣ ያልሸፈነ ይታሸጋል አሉ። ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ወፍጮ ቤት መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አንተ ልጅ፣ ሠርተህ አድነኝ።»

«በምን እንጨት፣ እትዬ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። እኔ የማውቀው ሊጥ ነው።»

መስታወቱ አላስቸገረም፤ ከፈረሰ ቤት መስኮት አገኘሁ። እንጨት ግን ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ዞሬ አጣሁ። በመጨረሻ የሰፈራችን ዕድር ዕቃ ቤቱን ሊያስረክብ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ቀበሌው ክፍሉን ፈልጎታል፣ ዕድሩም አሮጌ ዕቃውን እየሸጠ ነው። ዳኛው ጋሽ ቦጋለ በር ላይ ቆመዋል። ከውስጥ እግራቸው የተሰበረ አግዳሚ ወንበሮች ተቆልለዋል። ከነሱ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ደግሞ የሬሳ ቃሬዛው ነበር። ዕድሩ ከብረት ቱቦ አዲስ አስበይዶ አሮጌው ሥራ ፈቷል። ሁለት ረጃጅም የዝግባ አጣናዎች፣ ቀጥ ያሉ፣ የደረቁ፣ አንድ ነቀዝ ያልነካቸው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ እንጨት ማየት ማለት ለአናጢ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው መንገር ከንቱ ነው።

«ይሄም ይሸጣል፣ ጋሽ ቦጋለ?»

«ለምን ልታደርገው?»

«ለዳቦ ሣጥን።»

ጋሽ ቦጋለ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ሰው ያውቀዋል» አሉ።

«እንጨት ነው እኮ።»

«እንጨት መሆኑንማ እኔም አላጣሁት። ለሴትዮዋ ሳትነግር እንዳትነካው።»

ነገርኳት። ሊጥ እያቦካች ነበር፤ እጇን ከሊጡ ሳታወጣ ሰማችኝ። ባሏም የሄደው በሱ ነው።

«ሲሄድ አልተሰናበተኝም ነበር» አለች። «ይምጣና ከዳቦው ጋር ይቁም። እኔን ካልቀፈፈኝ ማንን ይቀፋል?»

እያንዳንዱን አጣና ከመሃል ቆርጬ አራት ቋሚ አወጣሁ። ከአግዳሚዎቹ መደርደሪያና ወለል ሠራሁ። ላግኩት፣ በብርጭቆ ስባሪ ፋቅኩት፣ ቫርኒሽ ቀባሁት። አንድ ነገር ብቻ መላጊያዬ አልደርስበት አለ። በየአጣናው ጫፍ፣ ተሸካሚ ትከሻውን የሚያስገባበት ቦታ ተሰርጉዷል። ለስንት ዓመት የሰፈሩ ወንድ ሁሉ እየተፈራረቀ ተሸክሞበት፣ እንጨቱ በትከሻና በእጅ ተበልቶ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። ያን ያህል ልልገው ብል ቋሚው ሸምበቆ ሊሆን ነው። ተውኩት። ሲያዩት እንዲያውም ያምራል፤ በመጋዝ የማይወጣ ልስላሴ አለው።

የኮሚቴው ሰው መጥቶ አየ፣ በጣቱ መስታወቱን አንኳኳ፣ «ለሌሎችም አርአያ ነው» ብሎ ሄደ። እትዬ ደስታ እልል አለች። የመጀመሪያው ጠዋት ዳቦው ከሦስት ሰዓት በፊት አለቀ።

በሁለተኛው ጠዋት ጥላዬ መጣ። ጥላዬ ልብስ ሰፊ ነው፣ የዕድራችን አባል፣ ቀብር የማያመልጠው ሰው። ዳቦውን ይዞ መልስ ሲጠብቅ አንድ እጁን ቋሚው ላይ ጣል አደረገ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ሻይ እጠጣ ነበር። መዳፉ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ አለ። ያወራ የነበረውን አቋረጠ። ቀና ብሎ እንኳ ሣጥኑን አላየውም፤ እጁ ነው ያወቀው። ከዚያ እንደተቃጠለ ሰው እጁን ሰበሰበና የያዘውን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ መልሶ ወጣ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ማንም አልተጣላትም፣ ማንም አልሰደባትም። ዝም ብለው ቀሩ። ሰላምታ እየሰጧት በበሯ አልፈው ከታች ካለው ሱቅ የደረቀ ዳቦ ይገዛሉ። አረንጓዴ ቀለም ልቀባው ብላት «በዓይናቸው መች አወቁትና!» አለችኝ። ሣጥኑን አውጥታ እንዳትጥለው፣ ያለ ሣጥን ሱቁ ይታሸጋል። ይዛው እንዳትቀጥል፣ የሚገዛት የለም። ልጆቿ ጠዋትና ማታ ያልተሸጠ ዳቦ ይበላሉ።

የዕድሩ የወር ስብሰባ ሲደርስ ዳቦዋን በመሶብ ሞልታ ሁሌ ወደምንሰበሰብበት ግራር ሥር መጣች። መሃል ላይ ቆመች።

«ባለቤቴን በዚያ እንጨት ስትሸከሙት አልተጠየፋችሁም» አለች። «ከመቃብር ስትመለሱ ቤቴ ገብታችሁ በዚያው እጃችሁ ንፍሮዬን በላችሁ። ታጠቡ ብዬ ውሃ ያፈሰስኩላችሁ እኔ ነኝ። ዛሬ ዳቦዬ ምን ሆነ?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ጥላዬ ብቻ «እትዬ፣ ቀብርና ቁርስ አንድ አይደለም እኮ» አለ፤ ጥቂቶች አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ጋሽ ቦጋለ ተነሥተው አንድ ዳቦ ወሰዱና ቆመው በሉ። እሳቸውን አይቶ ሁሉም ወሰደ። እየበሉ አመሰገኗት፣ መረቋት፣ እጅሽ ይባረክ አሏት። በማግስቱ ጠዋት አንድም ሰው አልመጣም።

የሚያውቀኝ ሰው መራራ ነህ ይለኛል። ያን ጠዋት ከእሷ ጋር ባዶ በር ሲጠብቅ ያልዋለ ሰው እንደዚያ ቢል አልፈርድበትም።

መላው የመጣው ከሁሴን ነው። ሁሴን ጎሚስታ ነበር፣ የደራ ልጅ፣ ወደ አሰላ የሚወጡ ሎንችናዎች በሚቆሙበት ጎማ ይጠግናል። ታሪኩን ከሾፌሮች ሰምቶ መጣ።

«አከም ጅርታ፣ እትዬ። እኔ ጋ አምጪው ሣጥኑን። በረንዳ አለኝ፣ ያው ቀበሌ ነው፣ ማንም አያሽግሽም። ሾፌር ከዳቦ በቀር ምንም አይጠይቅም።»

«አንተስ አይቀፍህም?»

«እኔ የናንተ ዕድር የለሁበትም። ጎማ ነው የተሸከምኩት እኔ።»

መኪና ስላልነበረን በትከሻ ልንወስደው ሆነ። መስታወቱን አውልቀን ለብቻው ላክን፣ ሣጥኑን በጀርባው አስተኛነው። እኔ፣ ሁሴንና አንድ ጫኝ ነበርን፤ አራተኛ ሰው ስንፈልግ ጋሽ ቦጋለ ጋቢያቸውን ጠቅልለው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ይተዉት አልናቸው። አልሰሙንም። ከፊት ገቡና ትከሻቸው ጉድጓዱን ወዲያው አገኘው። እትዬ ደስታ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ተከተለች።

ያኔ ነው የሆነው። አራት ሰው በትከሻው ረጅም ነገር ተሸክሞ፣ ሴት ከኋላ ተከትላ ሲያልፍ የኛ ሰው እግሩ አያስቀምጠውም። ጠላ ቤት ደጃፍ የነበሩት ብድግ አሉ። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። አንዲት አሮጊት «ማን ነው ልጆቼ፣ ማን ሞተ?» አሉ። ጥላዬም ከስፌት መኪናው ተነሥቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ቁጭ በል ጥላዬ!» አለች እትዬ ደስታ፤ «ያንተ ተራ ገና ነው!»

ጫኙ ሲስቅ ሣጥኑ ተናወጠ፤ ጋሽ ቦጋለ «አደራ፣ አደራ» እያሉ ራሳቸው ሳቁ።

ሾፌሮቹ በሉ። የደራና የአሰላ ሰው በላ፣ ከዝዋይ ዓሣ ጭኖ የሚመጣውም በላ። ልጆቿን በዚያ በረንዳ አሳደገች፤ ሱቋም አልታሸገም። ከሰፈራችን ግን ከኔና፣ እስኪሞቱ ድረስ፣ ከጋሽ ቦጋለ በቀር እዚያ ሄዶ የገዛት የለም።

ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ያን ጊዜ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር፣ ሰፈሩ አንድ አልቀረም። ጥላዬ አርጅቶ ከጎኔ ተቀምጦ ለአንድ ወጣት ሲነግረው ሰማሁ። «የሷን ዳቦ ሳይበላ ያደገ የሰፈራችን ሰው የለም። ምን ዓይነት ዳቦ መሰለህ!» አለው። ልነሣበት ስል ሁሴን እጅጌዬን ያዘና «ተው፣ ዛሬ የሷ ቀን ነው» አለኝ። ተውኩት።

ሁሴንም አሁን የለም፤ የሚይዘኝ ሰው አልቀረም። ጥላዬ ግን አለ። ልጆቹ መነጽር ገዝተውለት ቀኑን ሙሉ ያነባል አሉ። ይሄንንም ጽፌዋለሁና ያንብበው።