ልብስ ሰፊው «የእኛ ልጅ» ያለኝ ቀን

ሬዲዮ ጣቢያው ሲያመልጠው የሚያሰማው ሿሿታ ዛሬም ጥርሴን ያፋጨኛል። የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። እነሱ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ የነበረውን ሻይ ቤታችንን አያውቁትም።

ጊዜው የደርግ ነው። አባቴ፣ ደሴ ከቀረ የየመን ሰውና ከቢስቲማ ወሎዬ ሴት የተወለደ፣ ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አጥርቶ የማይናገር ሰው ነበር። ሻይ ቤቱ መደርደሪያ አናት ላይ ትልቅ ሬዲዮ ነበረው። ኳስ ባለ ቀን ቤቱ እስከ ደጅ ይሞላል፤ የቅርንፉድና የእርጥብ ካፖርት ሽታ፣ የብርጭቆ ኳኳታ፣ በመስኮቱ የሚገባው የከሰዓት ብርሃን። ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ሬዲዮው ሥር የሚቀመጠው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነበር። የአባቴ ወዳጅ ነው፤ የዒድ ልብሳችንን የሚሰፋልን እሱ ነበር።

በዚያ ሰሞን ሬዲዮው ከዜናው እስከ ዘፈኑ ስለ ዐረብ አድኃሪያን ነበር የሚያወራው። ሰዉ እያዳመጠ ራሱን ይነቀንቃል። አባቴም አብሮ ይነቀንቃል፤ ስለ እሱ የሚወራ አልመሰለውማ!

አንድ ቀን ብሔራዊ ቡድናችን ከአንድ የዐረብ አገር ቡድን ጋር ተጫወተ። ሊያልቅ ሲል ገባብን። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰው ጎል የገባ ሳይሆን ድንበር የተደፈረ ይመስል ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ ወደ አባቴ ዞረ።

«ደስ አለህ አይደል?»

«ወላሂ፣ እንዳንተው ነው ያረርሁት» አለ አባቴ።

«በዐረብኛ አትማልብኝ!»

ይህን ያለው ክርስቲያን ሆኖ እንኳ እሱ ራሱ ሲምል ወላሂ የሚል ሰው ነው። ብርጭቆውን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው። ሌሎቹም ተከተሉት። ወንበር ተሰበረ፣ መስታወት ረገፈ፤ ሬዲዮውን ግን ማንም አልነካውም። አባቴ እጆቹን ቁልቁል ለቆ ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ቀረ። በራችን ላይ በከሰል «ዐረብ ይውጣ» ተጻፈ። ክረምቱ ሳይገባ ዕቃችንን ጭነን ኮምቦልቻ ወረድን።

እዚያ አድጌ ፋብሪካ ተቀጠርሁ፤ የፋብሪካው የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ውስጥም ገባሁ። ቁመቴ ረዥም ነበር። ኳሷ ከመረቡ በላይ ብቅ ስትል የሚታየኝ የልብስ ሰፊው ፊት ነው። መዳፌ እስኪቀላ እመታው ነበር። ሰው ጉልበቴን ያደንቃል፤ ቂሜን የሚያውቅልኝ አልነበረም።

በመጨረሻ ለብሔራዊ ቡድን ተመረጥሁ። አዲስ አበባ ላይ የዐረብ አገር ቡድን ገጥመን አሸነፍን። የመጨረሻዋን ኳስ የመታሁት እኔ ነበርሁ። ያ ሬዲዮ ስሜን ከነአባቴ ስም እየጮኸ ጠራው፤ የኢትዮጵያ ልጅ፣ የወሎ ጀግና አለኝ።

ኮምቦልቻ ስመለስ ቤታችን በእንግዳ ሞልቶ ጠበቀኝ። ከመሃላቸው ልብስ ሰፊው ብድግ አለ። ከደሴ ድረስ መጥቷል። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል።

«የእኛ ልጅ! አኮራሽን እኮ!» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

እጁን አልጨበጥሁም። ለዚያች ሰዓት ዓመታት ተዘጋጅቻለሁ።

«እኔ የእናንተ ልጅ ከሆንሁ፣ አባቴስ የማን ነው?» አልሁት። «ሬዲዮው ዐረብ ናት ቢልዎት ኖሮ ዛሬ ይመጡ ነበር?»

እኔ አላቆምሁም። ብርጭቆውን፣ መስታወቱን፣ በራችን ላይ የተጻፈውን፣ ሁሉንም በእንግዶቹ ፊት ዘረገፍሁለት። ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ጣፈጠኝ። አልዋሽም፣ ዛሬም ሳስበው ይጣፍጠኛል።

አባቴ ግን ተነሥቶ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ።

«ወዴት ነው፣ አባ?»

«ልሸኘው።»

«ያንን ሰው?»

«እኛ ከወጣን ወዲህ የበኩር ልጁ ግንባር ቀርቷል» አለኝ ቀና ሳይል። «ለቅሶ አልደረስሁትም። ወዳጄ ነበር እኮ።»

ከበር ሆኜ አየኋቸው። አባቴ መንገድ ላይ ደረሰበት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ የልብስ ሰፊው ትከሻ ሲንቀጠቀጥ፣ የአባቴ እጅም ጀርባው ላይ ሲያርፍ ብቻ አየሁ። አውቶቡሱ ወደ ደሴ ዳገቱን ሲጀምር አባቴ አቧራው ውስጥ ቆሞ ቀረ።

ለመግሪብ ሶላት ሲመለስ እንግዶቹ ሄደው ነበር። አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ጨዋታው ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። እስኪሞት ድረስ አልጠየቀኝም።