ፌንጣና የእንቁላሉ ትሪ

ዛሬ ጠዋት መንጃ ፈቃዴን ተቀበልኩ! ይኸው ስጽፍ እንኳ ከጎኔ አስቀምጬው በየሁለት መስመሩ አየዋለሁ። ፎቶው ላይ የደነገጥኩ እመስላለሁ፤ ግድ የለኝም። ቤት ስገባ አባዬ የፌንጣን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ቁልፉ ግራሶ ግራሶ ይሸታል። ያ ሽታ ነው እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ የሄደው፤ ሦስተኛ ክፍል ወደነበርኩበት የፋሲካ ሰሞን፣ እዚሁ ኮተቤ፣ እዚሁ ግቢ።

ፌንጣ መኪናችን ናት። ቀይ፣ ጣራ የሌላት፣ በር የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን፣ ከመሬት ብዙም የማትርቅ የስፖርት መኪና። ገላዋ ፋይበር ስለሆነ ሁለት ሰዎች ብድግ አድርገው ግድግዳ ላይ ያስደግፉታል። ጎረቤታችን ተከራይቶ ይኖር የነበረ የውጭ አገር አስተማሪ ነው በሳጥን በሳጥን ያስመጣት፤ ቤት ውስጥ የምትገጣጠም መኪና። ጀምሮ ሳይጨርሳት ወደ አገሩ ተጠራና ለአባዬ ሰጥቶት ሄደ። አባዬ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት አስተማሪ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲገጥም ኖሮ ጨረሳት። ከሳጥኑ የጎደለውን ብሎን አንዳንዱን ወሰን ሰፈር ካሉ ጋራዦች ለቃቅሞ፣ አንዳንዱን በትምህርት ቤቱ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ በቶርኖ፣ ራሱ ቀርጾ ነው የሞላው። ስለዚህ አብሯት የመጣው የመመሪያ መጽሐፍ ስለ ግማሹ ብሎን የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

በዚያ ዓመት ጾም ላይ መሪዋ መንቀጥቀጥ፣ ፍሬኗም መላላት ጀመረና አባዬ የፊት ክፍሏን እንዳለ ፈታው። የአፈታቱ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እያንዳንዱን ብሎን እንደፈታው ሠላሳ ጉድጓድ ባለው የእንቁላል ትሪ ላይ ያስቀምጠዋል፤ መጀመሪያ የወጣው ከላይ በግራ፣ ቀጣዩ ከጎኑ፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። «ይሄ ትሪ መጽሐፌ ነው» ይለኛል፤ «ስፈታ ወደፊት ጻፍኩት፣ ስገጥም ወደ ኋላ አነበዋለሁ።»

ችግሩ የአክስቴ ሠርግ ነበር። ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ድንኳኑ እኛ ግቢ ሊተከል ተቆርጧል። ፌንጣ ደግሞ እንደ ታረደ በሬ ብልት ብልቷ ወጥቶ ግቢውን ይዛለች።

እማዬ ወገቧን ይዛ፣ «ስማኝ፣ እስከ ሠርጉ ጠዋት በራሷ ጎማ ካልወጣች ቆራሌው ያወጣታል» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! ቆራሌው የመኪና ሻንሲ ምን ያደርግለታል?»

«ድስት!»

እኔ ሳቅኩ። አባዬ አልሳቀም። እማዬ የምትለውን የምታደርግ ሰው መሆኗን ከእኔ በላይ ያውቃል።

እና እኔ ምን ሠራሁ? ቅዳም ሹር ነው። ቤቱ ይታጠባል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ የማይጸዳ ነገር የለም። ልጅ እያለሁ ባዶ ትሪ ሳይመልሱ እንቁላል በትሪ መግዛት አይታሰብም ነበር። እማዬ «ትሪ ፈልገሽ ሮጥ በይ፣ እንቁላል ሳያልቅ!» አለችኝ። ፈለግኩ። አንድ ብቻ አገኘሁ፤ ብሎኖቹ የተደረደሩበትን። ብሎኖቹን አንድ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ገለበጥኳቸው። እንቁላሉን አምጥቼ ስመለስ ደግሞ፣ በዓል አይደል፣ ቅባታቸው አሳዘነኝና ሁሉንም በሳሙና ፈትጌ አጠብኳቸው። እያበሩ ነበር እኮ! አባዬን ላስደስተው ቆርቆሮውን በሁለት እጄ ይዤ ሄድኩ።

ቆርቆሮውን አየ። ትሪው የነበረበትን ቦታ አየ። ከዚያ ሳጥን ላይ ቁጭ አለ።

«ለበዓል አጠብሻቸው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«በሳሙና?»

«በሳሙና።»

እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰ መሰለኝና እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። ለካስ እየሳቀ ነው። ሲበቃው ግን ተነሥቶ የፌንጣን ባዶ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ ያኔ ነው ያጠፋሁት ነገር የገባኝ። አንድ ሳምንት ነው ያለው፤ መጽሐፉን ደግሞ እኔ በትኜዋለሁ።

ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ በየከሰዓቱ ጨርቅ አንጥፈን ተቀመጥን። አንድ ብሎን አንስቶ ወደ ፀሐይ ያዞረዋል። «ይቺን እያት፣ አንገቷ ላይ የቀይ ቀለም ቀለበት አለ። የፌንጣን ገላ ይዛ የነበረች ናት። ይቺ ደግሞ በአንድ ጎኗ ብቻ ተልጣለች፤ ሸክም ያለበት ቦታ ኖራለች።» ከዚያ ሻንሲው፣ የመኪናዋ የብረት አጽም፣ ላይ ያለውን ቀዳዳ ያሳየኛል፤ ዙሪያውን ከብሎን ሥር የሚገባው ክብ ዝርግ ብረት፣ ሮንዴላ፣ የተወው የቆየ ማኅተም አለበት፣ ልክ ቀለበት ከጣት ሲወልቅ እንደሚቀረው ዓይነት። ብሎኑን ስናስጠጋው ጠባሳ ከጠባሳ ይገጥማል። ዓለም ሁሉ እንዲህ የሚነበብ መሰለኝ። የትምህርት ቤት በር ላይ ያለ ማጠፊያ፣ የሚኒባስ ወንበር፣ ሁሉም ላይ ብሎን ፍለጋ ማፍጠጥ ጀመርኩ። አባዬ «ብሎን የኖረበትን ቤት አይረሳም» ሲል እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ወንጌል ነበር የምሰማው።

ሌላም ሕግ ነበረው፦ «በጣትሽ ያልጀመርሽውን በመፍቻ አትጨርሺው።» የብሎኑ ጥርስ በጣት በልስላሴ ካልያዘ፣ ወይ ቦታው አይደለም፣ ወይ ተጣሟል። በጉልበት ከሄድሽ ብሎኑንም ቀዳዳውንም ታበላሻለሽ፣ ይለኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሃያ ዘጠኙ ቤታቸው ገቡ። ሠላሳኛው የለም። የፍሬኑን ፔዳል የሚይዘው፣ አባዬ ራሱ በቶርኖ የቀረጸው ነው፤ የትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ደግሞ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። ቆርቆሮውን ገለበጥን፣ ግቢውን በመጥረጊያ አበጠርን። በመጨረሻ አባዬ «ትሪውስ የት ሄደ?» አለኝ። እግሬ ከአፌ ቀድሞ እንቁላል ወደገዛሁበት ሱቅ ሮጠ።

ባለ ሱቁ ጋሽ ሸምሱ ገና ሲያዩኝ ጮኹ፦ «መጣች ባለ ዶሮዋ!» ብሎኑን ከሚዛኑ አጠገብ እንደ ጌጥ አቁመውታል። ትሪው ጥግ ላይ ተሰክቶ አግኝተውት ኖሯል። «ሳምንቱን ሙሉ ለደንበኛ ሁሉ ሳሳይ ነው የከረምኩት፤ የኮተቤ ዶሮ ብረት መጣል ጀመረች እያልኩ።»

«ጋሽ ሸምሱ፣ እባክዎ ቶሎ ይስጡኝ፣ ነገ ሠርግ ነው!»

«ማግባቷ ነው እንዴ ዶሮዋ?» ብለው እየሳቁ ሰጡኝ።

የብሎኑ ቦታ ከፔዳሉ በስተጀርባ፣ ጠባብ ነው። አባዬ ሲፈታው ገላዋ ተነሥቶ ነበር፤ አሁን ገጥመነዋል። እጁን ከተተ፣ አንጓው ላይ ተያዘ። በሌላ በኩል ሞከረ፣ አልሆነም። ዞሮ አየኝና፣ «ነይ፣ እጅሽን አምጪ» አለኝ።

እስከ ክርኔ ገባሁ። ምንም አይታየኝም። ቀዳዳውን በጣቴ ዳበስኩ፣ ማኅተሙን አገኘሁት፣ ብሎኑን አስጠጋሁ፣ አዞርኩ። ያዘ። ያንን ስሜት እንዴት ልንገራችሁ? በጨለማ ውስጥ አንድ ሰው እጄን የጨበጠኝ ያህል ነበር። «ያዘ!» አልኩ፤ አባዬም ከወዲያ ሆኖ «ያዘ?» ይላል፤ ስንት ጊዜ እንደተባባልነው አላውቅም። ከዚያ መፍቻውን ሰጠኝ፣ እኔ አጠበቅኩት። ፍሬኑን አሥር ጊዜ አስረገጠኝ፣ አሥሩንም ጊዜ ጎንበስ ብሎ አየ።

እሁድ ጠዋት የድንኳን ሰዎች ቋሚዎቻቸውን ተሸክመው በሩ ላይ ቆመዋል። እማዬ እጇን አጣጥፋለች። ፌንጣ አንዴ አሳላት፣ ሁለቴ አሳላት፣ በሦስተኛው ተነሣች። በራሷ ጎማ ወጣች! የድንኳኑ ሰዎች አጨበጨቡ። እኔ ልገባ ስሮጥ እማዬ ነጠላዋን ሰብስባ ቀደመችኝ፤ «እስከ ወሰን ብቻ» አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲመለሱ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ ፊቷ የልጅ ፊት ሆኖ ነበር። የቆራሌው ነገር ከዚያ ወዲህ ተነሥቶ አያውቅም።

በማግስቱ የእኔ ተራ ሆነ። በቀበና በኩል አድርገን ወደ እንጦጦ ወጣን። የባሕር ዛፉ ሽታ ያለ መስታወት፣ ያለ ጣራ በቀጥታ ፊቴ ላይ ይመጣል። በየመታጠፊያው አባዬ ፍሬን ሲነካ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፦ ያቺ ብሎን። ሁለታችንንም ይዛናለች፤ እኔ ነኝ ያስገባኋት።

አሁን ጋሽ ሸምሱ ትሪ አይጠይቁም፤ እንቁላሉን በፌስታል ነው የሚሰጡት። የሰፈሩ ሠርግም ከድንኳን ወጥቶ አዳራሽ ገብቷል። ዛሬ ቁልፉን እንደያዝኩ ከፔዳሉ ጀርባ እጄን ልከት ሞከርኩ፤ አንጓዬ ላይ ተያዘ፣ ልክ እንደ አባዬ። ትንሽ ከፋኝ፣ ትንሽም ኮራሁ።

የፊታችን እሁድ ፌንጣን እኔ ነኝ እንጦጦ የማወጣት። ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ ፍሬኗን ፈትተን እናያለን፤ የቤታችን ወግ ነው። እናንተም ኑ። ኮተቤ ደርሳችሁ «ፌንጣ የት ናት?» በሉ፣ ማንም ያሳያችኋል። መካኒክነት አያስፈልግም። ጠባብ ቦታ የሚገባ ትንሽ እጅ ያላችሁማ፣ አደራ፣ አትቅሩ። እጃችሁንና አንድ ባዶ የእንቁላል ትሪ ይዛችሁ ኑ።