የወንድሜ ግማሽ ፊት

ፎቶዎቹን ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል። ወንድሜን በወሰዱት በሦስተኛው ቀን፣ ቀበሌው የካ ያለውን ሰፈራችንን ቤት ለቤት ሊፈትሽ ነው ተባለ። ከጓደኞቹ ጋር የተነሣው ፎቶ ከተገኘ የእነሱም ነገር አበቃ ማለት ነው። እናቴ ስንቅ ይዛ ከእስር ቤት እስር ቤት ስትንከራተት፣ እኔ አልበሙን አራግፌ ፎቶዎቹን በሙሉ የከሰል ምድጃው ላይ ጨመርኳቸው። የጓደኞቹን ብቻ መለየት ስችል ብቻውን የተነሣውንም፣ የክርስትናውንም አቃጠልኩ። ፈርቼ ነበር፤ እጄ ዝም ብሎ ይወረውራል።

ወንድሜ አልተመለሰም። እንደ እሱ ላለው ማልቀስ ክልክል ነበርና እናቴ ጥቁር ሳትለብስ፣ ድንኳን ሳትተክል አራት ዓመት አለፈ። ስለ ፎቶዎቹ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረችኝም። አንዳንዴ ብቻ ባዶውን አልበም ከሣጥን አውጥታ ታገላብጠዋለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ እሑድ የድሮ ጎረቤታችን፣ የሰዓሊው ሚስት፣ ልትጠይቀን መጣች። ባሏ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ፤ በሕይወት ሳሉ ግቢያችን ውስጥ ተከራይተው ኖረዋል። ወንድሜ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ አጥሩ ሥር ዱላ አስይዘው አቁመውት፣ እያዩ በእርሳስ ሲነድፉ አስታውሳለሁ። መቆም ሰልችቶት ሲቁነጠነጥ "አርፈህ ቁም፣ አንተ ቀዥቃዣ!" ይሉት ነበር። እኛ ነገሩን ረስተነው ኖሯል።

"ያ ሥዕል እኮ አለ" አለች ሴትዮዋ። "እንጦጦ፣ ከኪዳነ ምሕረት ወዲያ ያለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ስትታደስ ሸራውን ከግድግዳ አውርደው፣ ዕቃ ቤቷን ሙዚየም አድርገው እዚያ ሰቅለውታል። 'ቁርጥ ራሱን ነው የሣልኩት' ይሉ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና።"

ያን ሳምንት እናቴ ሰርግ ያለባት መሰለች። ነጠላዋን አጠበች፣ ፀጉሯን ተሠርታ ቅቤ ተቀባች። "ሙዚየም ሲገባ ጫማ ይወለቃል?" ብላ ሦስቴ ጠየቀችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ በእግራችን ወጣን። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ሲመጡ መንገድ ትለቅላቸዋለች፣ ጉልበቷን ታሻለች፣ ትቀጥላለች። እንረፍ ያልኳት እኔ ነኝ፤ እሷ አልሰማችኝም።

ሙዚየም የተባለው አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። የሚያስጎበኙት አዛውንት ቄስ ስለ ካባው፣ ስለ ከበሮው፣ ስለ ብራናው በተራ ማስረዳት ጀመሩ። እናቴ አላስጨረሰቻቸውም። "አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሥዕሎቹ የት ናቸው?"

ሸራው ከበሩ ጀርባ ነበር፤ ጌታ ሲገረፍ የሚያሳይ ሥዕል። ወንድሜን ወዲያው አወቅሁት። ረጅሙ አንገቱ፣ ወጣ ያለው ጆሮው፣ ግንባሩ ላይ የሚወድቀው ፀጉሩ፣ ሁሉም አለ። ዱላ ካነሡት ገራፊዎች አንዱ እሱ ነው። ሰዓሊዎቻችን ደጉን ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፣ ክፉውን ደግሞ በጎን በአንድ ዐይን እንደሚሥሉ ማን ያጣዋል? እኛ ግን ያ ዱላ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም። ያችም አንዷ ዐይኑ የለችም። ሸራው እስኪታይ ድረስ ተፍቃለች።

"ምእመናን ናቸው" አሉ ቄሱ። "ጌታን የገረፈ ነው እያሉ ዐይኑን በጥፍራቸው ይፍቁታል። ግድግዳ ላይ ሳለ ብንከለክል ብንከለክል እምቢ አሉ። ሴቶቹማ አይቻሉም።"

እናቴ ወደ ሸራው ጠርዝ ሄዳ ጉንጯን ግድግዳው ላይ ለጠፈችና አጮልቃ አየች። ቀሪው ፊቱ በዚያ በኩል ያለ መስሏት ነው። ከዚያ ተመልሳ እጇን ዘረጋች።

"አይነካም፣ እናቴ" አሏት።

"ልጄ ነው" አለች።

ቄሱ እሷን አዩ፣ ገራፊውን አዩ፣ እኔን አዩ። ጀርባቸውን ሰጥተውን በሩ ላይ ቆሙ። እናቴ ጣቷን የተፋቀው ቦታ ላይ አኑራ አለቀሰች። በአራት ዓመት ውስጥ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

ከዚያ በኋላ ለወራት ነገሩን አላነሣችውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምስር እየለቀመች ሳለ፣ ቀና ሳትል፣ "ድሮ ዐይኔን ስጨፍን ይመጣልኝ ነበር" አለችኝ። "እየሣቀ፣ ደህና አድርጎ እያየኝ። አሁን የሚመጣብኝ ያኛው ነው። ምነው ባልሄድን።"

ከሰፌዷ ላይ አንዲት ጠጠር ለቅሜ ጣልኩ።

"አንቺስ? አንቺ ጋ ይመጣል?"

"አዎ፣ ይመጣል" አልኳት። ውሸቴን ነው። እኔም ጋ የሚመጣው ያው ዐይን የሌለው ነበር።

ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አውርዳ መሬት አስቀመጠችው። "እስቲ ንገሪኝ" አለች። "እንዴት አድርጎ ነው የሚያይሽ?" ዐይኗን ጨፍና ጠበቀችኝ።