አንድ ፊደል የጎደለው ጸሎት

የክሬን ኦፕሬተሩን የሥራ ባልደረቦቹ «አሞራው» ይሉታል። ጠዋት በክሬኑ መሰላል ሲወጣ አናጢዎቹ ከታች ሆነው «አሞራው፣ እግረ መንገድህን ዝናብ ለምንልን፤ ትንሽ እንረፍበት!» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም «እዚያም ያለ ቀጠሮ አያስገቡም» ብሎ ይመልስና ሽቅብ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ሥራ እስኪያልቅ የሚያጫውተው የለም። ሬዲዮ መገናኛ አለው፤ ግን ሬዲዮው የሚያውቀው ጥቂት ቃል ነው። ወደ ግራ። ቀስ። አውርድ። ቁም። ይህ ደግሞ ወሬ አይባልም።

ካቢኑ ከአንድ ወንበር፣ ከሁለት እጀታና ከውሃ ጠርሙስ ሌላ ምንም የማይዝ የመስታወት ሳጥን ነው። ንፋስ ሲነሣ ይወዛወዛል። ምሳውን እዚያው ይበላል፤ ወርዶ መልሶ መውጣት ጉልበት ይጨርሳል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ይህ ሁሉ አይከብደውም ነበር። እንዲያውም ቤት ገብቶ ጫጫታ ሲበዛበት «እባካችሁ፣ እኔ ዝም ያለ አገር ነው የለመድኩት» ይል ነበር። እሷ ከሞተች ሁለት ዓመት አለፈ። አሁን እላይም ዝም ነው፣ እታችም ዝም ነው።

ሁለት ልጆች ትታለታለች። ትልቁ ወንድ ነው፤ ስምንት ዓመቱ ቢሆንም ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። እህቱ አምስት ዓመቷ ነው።

ልጆቹን ታስጸልይ የነበረችው እናታቸው ነበረች። እሱ በሩን ተደግፎ መጨረሻ ላይ «አሜን» የሚል ሰው ነበር፤ አንዳንዴም አሜኑን እያዛጋ ነው የሚለው። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ስለ ሌላ ነገር አላነሣችም። «ልጆቹ ሳይጸልዩ እንዳይተኙ» አለችው።

«እኔ መች አውቅበትና?»

«እነሱ ያውቁበታል። አንተ ብቻ አብረሃቸው ተንበርከክ።»

ተንበረከከ። መጀመሪያ ሰሞን መሐል ላይ ይጠፋበት ነበር። ልጁ በክርኑ ጎሸም ያደርገውና «አባዬ፣ እሱ ገና ነው፤ መጀመሪያ ፈቃድህ ይሁን ነው» ይለዋል። እያደር ለመደው። ሥዕል ካለው የልጆች መጽሐፍ ቅዱስም አንድ አንድ ታሪክ ያነብላቸው ጀመር። ትንሿ ጥያቄ አያልቅባትም። «ዳዊት ድንጋዩን ከየት አመጣው?» «ከወንዝ።» «ልብሱ ሲረጥብ እናቱ አልተቆጣችም?» የማያውቀውን አላውቅም ይላታል። ይህን ከሚስቱ አልተማረም፤ የራሱ ነው።

ከሥራ ቦታው የስቶር ኃላፊ ጋር የተግባቡት በደኅንነት ቀበቶ ምክንያት ነው። ሊቀይር ቢሄድ አሮጌውን አገላብጣ አየችና «ይሄን ታጥቀህ ነው እዚያ የምትወጣው? ልጆች የሉህም እንዴ?» ብላ ጮኸችበት። ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር፣ ስለ እሱ ብሎ የተቆጣ ሰው ካየ። ከዚያ ወዲያ ሰበብ እየፈለገ መመላለስ አበዛ፤ ዛሬ ባትሪ፣ ነገ ጓንት። «አንተ ሰውዬ፣ ጓንት ትበላለህ እንዴ?» ትለዋለች። እሷም ባሏን የቀበረች፣ ልጅ ያልወለደች፣ ነገር ማሽሞንሞን የማትወድ ሴት ናት። ባለፈው ሳምንት «እንጋባ ወይስ ጓንት ማመላለሱን እንቀጥል?» ብላ የጠየቀችውም እሷ ናት። ልቡ ወዲያው እሺ ብሏል። «ለልጆቹ ልንገርና መልሱን አመጣልሻለሁ» አላት።

ዛሬ ነገ ሲል ሳምንቱ አለቀ።

እራት ተበልቶ ሳሕኑ ተነሣ፤ ገና ሙሉ በሙሉ አልጨለመም። ሦስቱም አልጋው ሥር ተንበረከኩ። ተራው የትንሿ ነበር። ዐይኗን ጨፍና እንደ ልማዷ አባታችን ሆይን ታስሮጠው ጀመር። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን ቀስ አለች።

«ወደ ፈተና አታግባ።»

«አታግባን!» አለ ወንድሟ ዐይኑን ሳይገልጥ። «ን አለው።»

«አታግባ።»

«አባዬ፣ አርማት! ን ከሌለው እኮ ሚስት አታግባ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም እሱን ነው ያልኩት።»

አባትየው ዐይኑን ገለጠ። ልጅቷ ቀድማው እያየችው ነበር። ወደ ጣሪያ አይደለም፤ እሱኑ፣ ፊት ለፊት።

«ማነው አባትሽ ሊያገባ ነው ያለሽ?»

«እትዬ።» እትዬ ማለት ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ የምትቆይባት የታች ቤት ጎረቤታቸው ናት። ወሬው ከስቶሩ እስከ እትዬ ጓዳ በየት በኩል እንደ ገባ እግዜር ይወቀው። «እናት ሊያመጣልሽ ነው አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ አትነግሪኝም?»

«እየነገርኩህ እኮ ነው! ሁልጊዜ እነግርሃለሁ፤ አንተ ዝም ትላለህ።»

«መቼ?»

«ስንጸልይ ነዋ። አባታችን ሆይ ስልህ። በሰማያት የምትኖር ስልህ።» በጣቷ ወደ መስኮቱ አመለከተች። ከጣሪያዎቹ በላይ የክሬኑ ቢጫ ክንድ ይታያል። እትዬ በየቀኑ «ያውልሽ አባትሽ፣ ሰማይ ላይ» እያለች ታሳያታለች።

ልጁ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አባትየው አልሳቀም። ይህን ሁሉ ጊዜ ስጠን፣ ይቅር በለን፣ አድነን ስትል የምትለምነው እሱን ኖሯል። እሱ ደግሞ አጠገቧ ተንበርክኮ አሜን ይላል።

«ስሚኝ» አላት። «እሱ አባት እኔ አይደለሁም። የእኔም አባት ነው፤ የእማዬም። እኔ ክሬን ነው የምነዳው።»

«እሱስ የታል?»

«አይታይም። ግን ይሰማል።»

«ሁሉን?»

«ሁሉን።»

ምን እንዳለ የገባው ቃሉ ካመለጠው በኋላ ነው። ልጅቷ ፊቷን ከእሱ መልሳ ዐይኗን ጨፈነች። «አባታችን ሆይ፣ አባዬ እንዳያገባ አድርግልኝ። በእማዬ ቦታ ማንም እንዳይንበረከክ።» ከዚያ ጠበቀች። አሜን የሚለው እሱ ነው።

በራሷ ቃል ስትጸልይ የመጀመሪያዋ ነበር። ሁለት ዓመት የደከመውም ለዚህ ነበር። አሜን ካለ በገዛ አፉ በራሱ ላይ ፈረደ። ዝም ካለ የሚሰማሽ የለም አላት። አሜን ብሎ ቢያገባ ልጅቷ እግዚአብሔርን ምን ልትለው ነው? አሜን ብሎ ጋብቻውን ቢተወው ደግሞ፣ ባዘዘችው ቁጥር እሺ የሚል እግዚአብሔር በእጁ ሠርቶ ሰጣት ማለት ነው።

«አሜን» አለ። «ሰምቶሻል። እሺም ሊልሽ ይችላል፣ እምቢም። እኔም እናትሽ እንድትድን ለምኜው ነበር።»

«እምቢ አለህ?»

«እምቢ አለኝ።»

ልጁ ሳቁን አቁሞ ተነሥቶ ተቀመጠ።

በማግስቱ ክሬን ኦፕሬተሩ በምሳ ሰዓት ወረደ። ስቶር ገብቶ ነገሩን እንዳለ ነገራት። ካርቶን እየደረደረች አዳመጠችው።

«አሜን አልክ?»

«አልኩ።»

«ከልብህ?»

አንድ ካርቶን አንሥቶ አቀበላት።

«መዋሸት አታውቅም፤ እሱን ነው የወደድኩልህ» አለች። «እኔ ግን አንዲት ሕፃን በየማታው እንድወጣላት ስትለምን እየሰማሁ እዚያ ቤት መተኛት አልችልም።»

«ትለምድሻለች እኮ። ትንሽ ብትታገሺ።»

«ትንሽ ማለት ስንት ነው?»

ሌላ ሠራተኛ ከኋላው ገብቶ ተራ ያዘ። «ምን ልስጥህ?» አለችው ኦፕሬተሩን፣ ድምፅዋ የመሥሪያ ቤት ሆኖ። «ጓንት» አለ። ሰጠችው። ወጥቶ መሰላሉ ጋ እስኪደርስ አልዞረም።

ማታ ተንበረከኩ። ትንሿ ልትጀምር ስትል አስቆማት።

«ሴትዮዋን አላገባትም። እሷን ተያትና ሌላ ነገር ለምኚ።»

«እሺ አለኝ ማለት ነው?»

«እኔ እንጃ። እምቢ ያለችው ሴትዮዋ ናት።»

ትፈነድቃለች ብሎ ነበር። ልጅቷ ግን ትክ ብላ አየችው።

«ከፋህ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ላንተ ምን ልለምንልህ?»

ወደ ልጁ ዞረ። ልጁም በክርኑ ሊያስታውሰው አልቻለም፤ ይህኛው እነሱ ከሚያውቁት ጸሎት ውስጥ የለም። ትንሿ ጠበቀችው። ጉልበቷን ሲያማት ተነሣች።

«በቃ፣ ሲመጣልህ ንገረኝ» አለችና አልጋዋ ላይ ወጣች።