ጋሽ አጥፉት ገንዳ ውስጥ

የአክስቴን ባል ሰው ሁሉ «ጋሽ አጥፉት» እያለ ነው የሚጠራቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ይመስለኛል። ትልልቅ የቀለም መደብሮች አሏቸው፤ ቤታቸውም ባለ ፎቅ ነው። ሲመሽ ከውጭ ላየው ግን ባለቤቶቹ ጥለውት የጠፉ ይመስላል። ሳሎን ሰው ካለ ኮሪደሩ ጨለማ ነው፤ ሰው ወደ ኮሪደሩ ከወጣ ደግሞ ሳሎኑ ይጨልማል። እንግዳ ወሬውን ሳይጨርስ ከላይ ቤት «አጥፉት!» የሚል ድምፅ ይወርዳል። እኔ ራሴ አንድ ቀን ሽንት ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አጥፍተውብኝ የቀረውን በዳበሳ ጨርሻለሁ።

የውሃ ማሞቂያማ አላቸው። ግድግዳው ላይ እንደ አያት ፎቶ ተሰቅሎ ይኖራል እንጂ በርቶ ያየው የለም። «ቀዝቃዛ ውሃ ደም ያዘዋውራል» ይላሉ። እንግዲህ የዚያ ቤት ሰው ሁሉ ደሙ እየተዘዋወረ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ በጆግ ይለቀለቃል።

አክስቴም ብትሆን የዋዛ አይደለችም። የራሷ መድኃኒት ቤት ያላት ሴት ናት፤ ግን የጥርስ ሳሙና ሲያልቅ ቱቦውን በመቀስ ሰንጥቃ ውስጡን በብሩሽ ትጠርገዋለች። ፌስታል አጥባ ገመድ ላይ ታሰጣለች። ያለቀ ሳሙና ፍርፋሪውን ጠፍጥፋ ቀለሙ የማይታወቅ ድቡልቡል ትሠራለች፤ በሱ የታጠበ ሰው ቀኑን ሙሉ የሦስት ዓይነት ሳሙና ይሸታል። ግም ለግም አብረህ አዝግም የተባለው ለነሱ ነው።

አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናት።

«የት ነህ?»

«ሥራ ላይ ነኝ አክስቴ።»

«ተወውና መኪናህን ይዘህ ና። ጋሼህ ሆቴል ውስጥ መነሳት አቅቶታል ብለው ደወሉልኝ።»

«ሆቴል? ምን ሊሠሩ?»

«እኔ ምኑን አውቄው! ይልቅ ቶሎ በል፤ ታክሲው ልብ አውልቅ ሆኗል።»

መንገዱን ሙሉ ስትከስ፣ ስትመሰክር፣ ስትፈርድ ሄደች። «ሴት ናት። ሌላ ምን ይሆናል? በዚህ ዕድሜው! እሷስ ብትሆን ምን ልታገኝ ነው? ካልሲውን አላየችውም? ስንቴ በመርፌ እንደጠቀምኩት እኔ ነኝ የማውቀው።» ከዚያ ድምጿ ቀነስ አለ። «ሆቴል ድረስ ከወሰዳት ግን የምሩን ነው ማለት ነው። እኔን ሻይ እንኳ ጋብዞኝ አያውቅ።» ያኔ ነው የምር እንደፈራች የገባኝ።

ሆቴሉ ወለሉ ፊት የሚያሳይ፣ አሳንሰሩ ውስጥ ሙዚቃ ያለው ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እየመራችን ወደ ላይ ወጣን።

«የጌቶች ባለቤት እርስዎ ነዎት?» አለቻት አክስቴን። «ታድለው! እንደሳቸው ያለ እጀ ሰፊ ሰው አላየሁም። ጉርሻቸው ብቻ የልጄን ጫማ ገዝቷል።»

አክስቴ ቀጥ ብላ ቆመች። «ልጄ፣ ተሳስተሻል። እኔ የመጣሁት ለሌላ ሰው ነው።»

«ኧረ እሳቸው ናቸው! የቀለም ነጋዴው። በየወሩ አንድ ሐሙስ ይመጡና ገንዳ ያለው ክፍል ይይዛሉ።»

«ከማን ጋር?»

«ከማንም! ከውሃው ጋር ነዋ።»

በሩን ስትከፍተው መጀመሪያ ያየነው ብርሃን ነው። የጣሪያው መብራት በርቷል፤ የራስጌው በርቷል፤ የቁም ሳጥኑ ሳይቀር በርቷል። ቴሌቪዥኑ ለባዶ አልጋ ዜና ያነባል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ጋሽ አጥፉት እስከ አገጫቸው አረፋ ውስጥ ተቀብረው፣ ጭንቅላታቸው ብቻ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ብቅ ብሏል።

«ወገቤ!» አሉ። «ልነሳ ስል ቀጭ አለና ያዘኝ።»

አክስቴ ስለ ወገባቸው አልጠየቀችም። ጎንበስ ብላ ጣቷን ውሃው ውስጥ ነከረች።

«ሙቅ ነው» አለች።

«እ... ለብ ያለ ነው።»

«ሙቅ ነው! እኔን ዕድሜ ልኬን እንደ እንቁራሪት በቀዝቃዛ ስትነክረኝ!»

«ቤት ውስጥ ከተለመደ መመለሻ የለውማ!» ከዚያ አረፋውን እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ፣ እኔ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበርኩ። ወንድሞቼ ሁሉ በአንድ ሳፋ ታጥበው ሲያበቁ ነው ተራዬ የሚደርሰው። ውሃው ያኔ ቀዝቅዞ እንደ ጭቃ ነው። አድጌ ገንዘብ ሳገኝ ሙቅና ንጹህ ውሃ ውስጥ አንደኛ ሆኜ እገባለሁ ብዬ ማልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

አንጀቴን በሉት። አክስቴ ግን፣ «ታዲያ የወንድሞችህን ዕዳ እኔ ነኝ የምከፍለው?» አለች።

እኔና አንድ ጠንካራ የሆቴሉ ሠራተኛ በፎጣ ጠቅልለን እንደ ምንጣፍ ተሸክመን አልጋ ላይ አስተኛናቸው። ለሐኪም ተደወለ፤ ጅማት ነው፣ እስኪላላ ድረስ እንዳይንቀሳቀሱ አለ። አክስቴ በሩን በርግዳ ትወጣለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ዞረች።

«ክፍሉ እስከ መቼ ነው የተከፈለበት?»

«እስከ ነገ ጠዋት።»

«ታዲያ ዝም ብሎ ሊባክን ነው?» ጫማዋን አወለቀች፤ የእጅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መታጠቢያ ቤት ገባችና ከውስጥ ቆለፈች።

ገንዳው ውሃውን ሲያስወጣ ጉርግር የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሼ ካልተነሳሁ ብለው ወገባቸው መለሳቸው። «አንቺ ሴትዮ! ለምን ታፈሽዋለሽ? አሁን የገባሁበት ውሃ ነው፤ ንጹህ ነው፤ በሱ ታጠቢ!»

«የታጠብክበትን? ወንድሞችህ ያደረጉህን ልታደርገኝ?»

ቧንቧው ይፏፏ ጀመር። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ ሳቄን ለማፈን ትራስ ነከስኩ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የመጠቅለያ ወረቀት ድምፅ መጣ።

«ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?» አሉ ጋሼ።

«መድኃኒት ነው።»

አፍንጫቸውን ወደ በሩ አቀኑ። «መድኃኒት ቸኮሌት ቸኮሌት ይሸታል እንዴ?»

ረጅም ዝምታ ሆነ። አፍ የሞላው ዝምታ። «ከውጭ የሚመጣው፣ ባለ ለውዙ ነው» አለች በመጨረሻ። «መድኃኒት ቤት፣ ከሆድ ትል ኪኒኑ ኋላ አስቀምጠዋለሁ። እዚያ እጁን የሚሰድ የለም። ምን ይሁን?»

«ምንም አይሁን» አሉ ጋሼ ለስለስ ብለው። «አንድ ቁራጭ አትርፊልኝ።»

ስትወጣ ጣቶቿ እንደ ዘቢብ ተሸብሽበው ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቁራጩን ራሷ አጎረሰቻቸው። ሁለቱም እኔ መኖሬን የረሱ ስለመሰለኝ ተነስቼ ወጣሁ።

አሁን በወር አንድ ሐሙስ አብረው ይሄዳሉ። አንደኛ የምትገባው እሷ ናት፤ ስለዚህ ጉዳይ ክርክር የለም። አንድ ቀን ልወስዳቸው ቀድሜ ደርሼ በሩን ስከፍት፣ ጋሼ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወንበር ስበው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ጋዜጣውን ጮክ ብለው ያነቡላታል።

«እዚያ ጋ ድገመው!» አለች ከውስጥ። «ውሃው ሲወርድ አልሰማሁህም።»

ደገሙላት።