የካልሲዋ ፍየል ስታወርድ

ፍየሏን የሰፋኋት ከወንድሜ አሮጌ ካልሲ ነው። ዓይኖቿ ሁለት የማይመሳሰሉ ቁልፎች ናቸው፤ ጢሟ ከመወልወያ የተነቀለ ክር። ቅዳሜ ቅዳሜ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ብሎካችን ግቢ፣ ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ አንሶላ እዘረጋና ከኋላው ቁጢጥ እላለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከጎኔ ማሲንቆውን ይገዘግዛል። ፍየሏ እጄ ላይ ሆና በእኔ ድምፅ ዘፈን ታወርዳለች፤ የግቢው ልጆች እያጨበጨቡ ይቀበላሉ።

እውነቱን ለመናገር ፍየሏ ሰበብ ነበረች። እኔ የፈለግኩት መቀበላቸውን ነው። እኔና ወንድሜ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ስናድግ፣ ሠርግም ይሁን ክርስትና፣ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው አልነበረም። አንዱ ያወርዳል፣ ሰፈሩ ይቀበላል፤ በቃ፣ ዘፈን ማለት ይኸው ነበር። ልጄ ይህንን ሳታውቅ እንዳታድግ ፈራሁ። ለወንድሜ ስነግረው «እኔ እያለሁ አታስቢ እህትዓለም» አለኝ። አመንኩታ!

ክረምት ሲገባ ዝናቡ ጨዋታችንን አቋረጠው። ወንድሜ ልጄን «ላናፍሳት» እያለ ይወስዳት ጀመር። አፏን በከረሜላ ሞልታ ትመለሳለች። የት ነበራችሁ ስላት «አጎቴ አትናገሪ ብሎኛል» ትላለች። ለእኔ ስጦታ ሊያዘጋጁ መስሎኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

መስከረም ላይ የጎረቤቴ ልጅ ስልክ ይዞ ደረጃውን እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ ፍየልሽ!» ብሎ ቪዲዮ አሳየኝ። ያው የማይመሳሰሉ ቁልፎች፣ ያው ጢም፤ ካልሲው ብቻ በሚያብረቀርቅ ጨርቅ ተተክቷል። ዜማውም የኔው ነው፤ ግን በኪቦርድ፣ ድም ድም በሚል ጥድፊያ። ማሲንቆ የሚባል የለበትም። ከበስተኋላ ልጆች ይቀበላሉ። ከመሃላቸው አንዷ የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ «ሰ» ስትል ታፏጫለች። የኔዋ ናት።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ዘመኑ ነው እኮ! ማሲንቆ አሁን ማን ይሰማል?» አይለኝም? ማሲንቆ መቺው ራሱ! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ የኔው ግን ልጄን አፈናጥጦ ነው የጣለኝ።

ቅዳሜ እልህ ይዞኝ ብቻዬን አንሶላዬን ዘረጋሁ። ልጆቹ መጡ፣ ከወትሮውም በዙ። ፍየሏ አወረደች። ዝም። ደግማ አወረደች። አሁንም ዝም። በአንሶላው ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። አልጠሉኝም፤ ቢጠሉኝ ይሻለኝ ነበር። የሚቀበለው ድምፅ ከሆነ ቦታ እስኪመጣ ነው የሚጠብቁት። በመጨረሻ አንዱ ተነስቶ «እትዬ፣ የሚቀበለውን አልከፈትሽውም» አለኝ።

ሲበተኑ ከልጄ ጋር አንሶላውን ወዲያና ወዲህ ይዘን እናጥፍ ጀመር።

«ሌሎቹስ እሺ። አንቺ ለምን አልተቀበልሽኝም?»

ግራ ገብቷት አየችኝ።

«ተቀብያለሁ እኮ እማዬ፤ ስልኩ ውስጥ። አጎቴ ከእንግዲህ መድከም የለብሽም ብሎኛል።»