ግማሹን ብቻ አንብቤ የሰጠሁት አስተያየት

መጽሐፉ የመጣው በእትዬ ሻንጣ ነው። እትዬ የምንላቸው እዚህ ካናዳ፣ ዳንፎርዝ የሚባል መንገድ ላይ ትንሽ ካፌ ያላቸው ሴት ናቸው። ወንድማቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ ከመጽሐፍ አዟሪ የገዙትን አንድ ቀጭን ልብ ወለድ ይዘው መጡ። "ለአውሮፕላን ብዬ ነበር የገዛሁት፤ ገና ሳንነሳ ግማሽ ደረስኩ" አሉን።

ያኔ ስድስት ሴቶች ነበርን። በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከካፌው ጀርባ ባለችው ክፍል እየተገናኘን ስላነበብነው እናወራለን። የንባብ ክበብ ማለት ይከብደኛል፤ ግማሹ ሰዓት የሚያልቀው በልጆችና በሥራ ወሬ ነበር። ቢሆንም የዚያች እሑድ ነገር አይቀርብንም።

ልብ ወለዱ ቀላል ነው። መሐንዲስ ባሏ ወሩን ሙሉ መስክ የሚውልባት አንዲት ሴት ከመሥሪያ ቤቷ ሰው ጋር ፍቅር ይይዛታል። ባልየው ይደርስበታል። ከዚያ ለቅሶ፣ ከዚያ ሽማግሌ፣ በመጨረሻ ይቅር ይላትና ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለው ያልቃል። ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበር በየተራ እየወሰድን፣ አንብበን ስንጨርስ ከኋላ ባሉት ባዶ ገጾች ላይ አስተያየታችንን እንድንጽፍ እትዬ አዘዙ። የመጀመሪያው የራሳቸው ነው፤ "ወጥ እየሠሩ የሚነበብ ነው። የእኔ ግን አርሮብኛል" ይላል። ከእኛ ሁሉ ትንሿ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ተማሪ፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጋ "ለምንድነው ባልየው ቴራፒ የማይሄደው?" ብላ ጻፈች።

ከእኔ በፊት ተራው የጓደኛዬ ነበር።

ስለ ጓደኛዬ ትንሽ ልናገር። ካናዳ የገባነው በአንድ ዓመት ነው፤ እሷ ባሏ ስፖንሰር አድርጓት፣ እኔ በትምህርት። ፓርክዴል ሰፈር ውስጥ በአንድ ሕንጻ፣ በአንድ ፎቅ፣ ሁለት በር ተራርቀን ኖርን። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ ቪዛ ተከልክላ መምጣት አልቻለችም፤ ያረሰችኝ እሷ ናት። ሴት ልጇን እያዘለች እየመጣች ገንፎ ሠርታ በእጇ ታጎርሰኝ ነበር። በኋላ ቤቱ ስለጠበባቸው ዌስተን የሚባል ሰፈር ገቡ። እሷ ዳቦ ፋብሪካ፣ እኔ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ እንሠራ ስለነበር ሺፍታችን አይገጥምም፤ ግን ሳንደዋወል የምንውልበት ቀን አልነበረም።

መጽሐፉን ዳንዳስ ዌስት ባቡር ጣቢያ ላይ ተገናኝተን ነው የሰጠችኝ። ከቦርሳዋ አውጥታ ቶሎ አልለቀቀችውም።

"አንብቢና ደውዪልኝ" አለችኝ። "ደግሞ ተረጋግተሽ አንብቢው። እንደ ልማድሽ አትሩጪ።"

"እንዴት ነው፣ ደስ ይላል?"

"አንቺ ምን እንደምትዪ ነው መስማት የምፈልገው።"

አውቶቡስ ውስጥ የኋላ ገጾቹን ገለጥኩ። እሷ የጻፈችበት ቦታ በእርሳስ ተጽፎ በላጲስ ጠፍቷል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብዬ "ይቺ ሴት" የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ለየሁ፤ የቀረው ጭረት ነው። ፊደል ተሳስታ ይሆናል ብዬ ዘጋሁት።

በዚያ ወር ሥራ ቦታ ሁለት ሰው ለቆ ሺፍት ተደራርቦብኝ ነበር። ያነበብኩት ባልየው የስልክ መልእክቱን እስከሚያገኝበት ገጽ ድረስ ነው፤ ግማሽ ቢሆን ነው። እሑድ ጠዋት ልጆቹ ካርቱን ሲያዩ የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች አየሁና፣ አሃ፣ ይቅር አላት ማለት ነው ብዬ አስተያየቴን ለመጻፍ ቁጭ አልኩ። መጻፍ እወዳለሁ። ሰው ማሳቅ ደግሞ ከመጻፍ የበለጠ እወዳለሁ። አንድ ገጽ ሞላሁ። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ "ይህቺ ሴት ቤቴ ብትመጣ መጀመሪያ ባሌን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ፣ ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ ከትቼ ነው በር የምከፍትላት።"

ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ሞልታ ነበር። አንዷ ሴትየዋን ስትረግም፣ ሌላዋ ባልየውን ስትወቅስ፣ ተማሪዋ "ብቸኛ ነበረች እኮ፣ ሺ ወዝ ሶ ሎንሊ" እያለች ስትከራከር ቆይተን ተራው ለእኔ ደረሰ። ቆሜ አነበብኩ። ድምፄን ዝቅና ከፍ እያደረግኩ፣ እጄን እያወዛወዝኩ። ቁም ሳጥኑ ጋ ስደርስ እትዬ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ተማሪዋ ስልኳን አውጥታ "ከመጀመሪያው ድገሚልኝ፣ ልቅረጽሽ" አለችኝ። ደገምኩላት። የሁለተኛው ከመጀመሪያው በለጠ፤ ሲቀረጽ አሳመርኩታ።

ሳቁ ሲበርድ ጓደኛዬ፣ አጠገቤ ነበረች፣ ዝግ ባለ ድምፅ "ጓደኛሽ ብትሆንስ?" አለችኝ።

"ጓደኛዬማ አትሆንም" አልኳት። "ጓደኞቼን አውቃቸዋለሁ።"

እንደገና ተሳቀ። እሷም ሳቀች። መሳቋን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ብዙ ጊዜ ራሴን ያጽናናሁበት እሱ ነው።

በባቡር አብረን ተመለስን። ለወትሮው ከዳንፎርዝ እስከ ዳንዳስ ዌስት አፋችን አይዘጋም። ያን ቀን እሷ መስኮቱን፣ እኔ ስልኬን ስናይ ቆየን። ልንለያይ ስንል ደረጃው ላይ ቆመች።

"የማወራሽ ነገር ነበረኝ" አለች።

"ንገሪኛ።"

"ይቆይ። ዛሬ ደክሞኛል።"

"እሺ፣ ማታ ደውዪ" ብዬ ሮጥኩ። አውቶቡሴ ቆሞ ነበር።

አልደወለችም። እኔም በማግስቱ ስደውል ያወራነው ስለ ሌላ ነገር ነው። በሚቀጥለው ወር ጉንፋን ይዞኛል ብላ ቀረች። በሚቀጥለውም ልጅቷ የዋና ትምህርት አላት አለች። የስልኩ ወሬ አጠረ፤ በየቀኑ የነበረው በሳምንት ሆነ፣ ከዚያ ሳምንቱም ተረሳ። ቤቴ መምጣት አቆመች። ያስተዋልኩት ግን ከረፈደ በኋላ ነው። ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ አሰብኩ እንጂ አንድም ቀን ምን ሆነሽ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ሰሞን ጤፍ ዱቄት ልገዛ ዳንፎርዝ ወደሚገኝ የሐበሻ ግሮሰሪ ገባሁ። ሁለት የማላውቃቸው ሴቶች ከፊቴ ተራ ይዘው ያወራሉ።

"ያቺ ዳቦ ፋብሪካ የምትሠራው፣ ዌስተን ያለችው። አብሯት ከሚሠራ ሰው ጋር ነው አሉ።"

"ባሏስ?"

"ከሰው ሰምቶ ነዋ። ቤቱን ጥሎ ወጣ። ምስኪን።"

"እንግዲህ ወደ እናንተ ሰፈር ከመጣች ባልሽን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፊ!"

ሁለቱም ሳቁ። ያቺኛዋ ጨምራ "ቁልፉን ደግሞ የት እንደምትከቺ ታውቂያለሽ" አለች። የእኔ ቃል ነው፣ አንድም ሳይጎድል። ተማሪዋ የቀረጸችው ከቡድናችን የስልክ ግሩፕ ወጥቶ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። እኔን አያውቁኝም፤ ቀልዱን ግን በቃላቸው ያውቁታል።

ዱቄቱን እዚያው መደርደሪያ ላይ ትቼ ወጣሁ። እግሬ ወደ እትዬ ካፌ ወሰደኝ።

"እትዬ፣ ስለ እሷ የሚወራው እውነት ነው?"

ብርጭቆ እየወለወሉ ነበር፤ አቆሙ። "አንቺ አልሰማሽም? እኔ እኮ አንቺ ከጎኗ አለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ሳልቀመጥ ወጣሁ።

ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ነገር አያበዛም። እስክጨርስ ሰማኝና "አንቺ ሰው ሲስቅልሽ ማቆም አትችዪም" አለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም የተናገረው። ብዙ ቀን ሊለኝ አስቦ የተወው ነገር ይመስል ነበር።

ሦስት ቀን ደወልኩ፤ አላነሳችም። በአራተኛው ቀን ከሥራ ወጥቼ ዌስተን ሄድኩ። በሩን ከፍታ ስታየኝ አልገረማትም። "ግቢ" አለችኝ። ሳሎኑ ውስጥ የባሏ ሶፋና ቴሌቪዥን የነበሩበት ቦታ ባዶ ነው፤ ምንጣፉ ላይ የሶፋው እግሮች ያስቀሩት አራት ጎድጓዳ ምልክት ይታያል። ወጥ ቤት ሁለት ወንበር ነበረ፤ እዚያ ተቀመጥን።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ያወጣሁት የመጀመሪያ ቃል ወቀሳ ሆነ።

"ልነግርሽ ነበር" አለች። "መጽሐፉን ስሰጥሽ ነገሩ አልቆ ነበር፤ ከሰውዬው ጋር ከተለያየን ሁለት ወር አልፏል። ግን ለባሌ ሳልነግረው አብሬው መተኛት አቃተኝ። መጀመሪያ ላንቺ ልነግርሽ፣ ከዚያ አንቺ እንደምትመክሪኝ አድርጌ ለሱ ልነግረው ነበር ያሰብኩት። መጽሐፉን አንብበሽ የምትዪውን ልስማ፣ ከዚያ እጀምራለሁ አልኩ።"

ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋሁ።

"ከዚያ ቀን በኋላ ፈራሁ። ዛሬ፣ ነገ ስል ከፋብሪካው አንዱ ነገረው። ከእኔ አፍ ቢሰማው ኖሮ ምናልባት..." እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። "እንጃ። ያው ሊሆን ይችላል።"

"መጽሐፉን አልጨረስኩትም ነበር" አልኳት። እንባዬ መጥቶ ነበር። "ግማሹን ነው ያነበብኩት። ሰው ለማሳቅ ነው የጻፍኩት እንጂ አምኜበት አይደለም።"

የተናገርኩት የሚያቀልልኝ መስሎኝ ነበር፤ ፊቷ ላይ ግን ሲብስ አየሁት።

"እኔ እኮ ደጋግመሽ አስበሽ የጻፍሽው መስሎኝ ነበር" አለች። "እሷ በሰው አትቀልድም፣ የሚሰማትን ነው የተናገረችው አልኩ። ለዚህም ነው ያላስቀየምሽኝ። እውነቷን ነው ብዬ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።"

ይቅርታ ጠየቅኳት። "ይቅር ብዬሻለሁ" አለችኝ፤ ሳታመነታ፣ ሳታለቅስ። ልጇ ከትምህርት ቤት የምትመጣበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ተነሳን። በር ላይ ተቃቀፍን።

እንደ ልብ ወለዱ አልሆነም። ባሏ አልተመለሰም፤ ሽማግሌ ተልኮበት "አከብራታለሁ፣ ግን አልችልም" አለ። ልጅቷን በየሳምንቱ መጨረሻ ይወስዳል፣ በሰዓቱ ይመልሳል። እሷ ከፋብሪካው ለቃ ኮርስ ወሰደች፤ አሁን መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ትሠራለች። ተማሪዋን የቀረጸችውን ከግሩፑ እንድታጠፋው ለመንኳት። ደንግጣ ወዲያው አጠፋችው፤ "አይ ዲድንት ኖው፣ አላወቅኩም እህቴ" እያለች አለቀሰች። እሷን መውቀስ አልችልም፤ አሳምሬ የደገምኩላት እኔ ነኝ። የወጣውን ግን ማንም መሰብሰብ አልቻለም። የንባቡ እሑድም በዚያው ቀረ፤ ማንም እናቁም ሳይል ቆመ።

መጽሐፉን በኋላ ከእትዬ ተውሼ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ያልገባኝ ትልቅ ነገር አገኝበታለሁ ብዬ ነበር። የለውም። መካከለኛ መጽሐፍ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ብዙ ያወራሉ፣ ይቅርታው በድንገት ይመጣል። ሴትየዋ ግን ከይቅርታው በፊት ባሉት ሠላሳ ገጾች፣ እኔ ዘልዬ ባለፍኳቸው፣ በጣም ታሳዝናለች።

ከጓደኛዬ ጋር አልተጣላንም። በዓል ሲሆን እንደዋወላለን። ልጆቻችን ሲመረቁ እንጠራራለን። ለምን እንደ ድሮው አልሆንንም ብዬ የማማርርበት አንድ ክፉ ነገር እንኳ አድርጋብኝ አታውቅም።

ባለፈው መከር እትዬ ካፌ ገብቼ ሳለ ወሬ መሃል "እንኳን ደህና ወጣች፣ ቀላል ቀዶ ጥገና ነው ተብሎ ነበር ግን እኔ ሳልሰጋ አልቀረሁም" አሉኝ። ማን ብዬ ጠየቅኩ። እሷ ናት። የሐሞት ጠጠር ነበረባት። ሆስፒታሉ ሲያልቅ ወደ ቤት የሚወስዳት ሰው ስሙን ካላስመዘገበ አንሠራም ስላላት ይዘዋት የሄዱት እትዬ ናቸው፤ በዚህ ዕድሜያቸው፣ በሁለት አውቶቡስ። እኔ መኪና አለኝ። በዚያ ቀን ሥራ እንኳ አልነበረኝም፤ ቤቴ ልብስ ስተኩስ ነው የዋልኩት።

ከካፌው ደጅ ቆሜ ደወልኩላት።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አላስቸግርሽ ብዬ ነው" አለች፤ በመልካም ድምፅ።

በማግስቱ የዶሮ ሾርባ ሠርቼ ወሰድኩላት። ትራስ ደግፋ ተቀምጣ "ምን አደከመሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ። ስለ ልጇ ትምህርትና ስለ ቤት ኪራይ አወራን። ሰዓቱን ሳየው ከመጣሁ አንድ ሰዓት ሆኖኛል። እንዳትደክም ብዬ ተነሳሁ፤ ቆዪ አላለችኝም።